ልጄን የጣላት ቢጫ ጨርቅ

መኪና መንዳት ያስተማረኝ ሰው የለም። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ጅጅጋ ውስጥ የአንድ ነጋዴን አሮጌ ቶዮታ አጥብ ነበር። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ባለቤቱ ለሶላት ሲሄድ ሞተሯን አስነስቼ ግቢው ውስጥ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያልኩ ለመድኩ። አማርኛ ማንበብም የለመድኩት እንዲሁ ነው፤ ከመለዋወጫ ካርቶንና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። እንዲህ ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ ይወጣበታል። ያወቀውን ሁሉ በላቡ ስላገኘው፣ ያወቀው ነገር ስህተት ሊሆን ይችላል ብሎ አያስብም። ይህ ጠባይ አለብኝ። ዛሬም አልለቀቀኝም።

በኋላ የራሴን ፒክአፕ ገዝቼ ከጅጅጋ ወደ ሀርሺን፣ አንዳንዴም ወደ ደምበል ዕቃና ውሃ ሳመላልስ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ትልቋ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት መንዳት ያስተማርኳት በዚያው ፒክአፕ ነው። ከእሷ ጋር የጎረቤቴንም ልጅ አስተማርኩ። ጎረቤቴ በወጣትነቱ ከመሀል አገር መጥቶ ጅጅጋ የቀረ የመለዋወጫ ነጋዴ ሲሆን ሱቁ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። የሁለታችን ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ አንዷ ከታመመች ሌላዋም ትምህርት ቤት አልሄድም የምትል ነበሩ።

ሳስተምራቸው ሕጌ ብዙ ነበር። ሞተር ሳይሞቅ አትንቀሳቀሱ። ከብት ሲሻገር ጡሩምባ አታስጩሁ። ከሁሉም በላይ የማከብረው ግን አንዱን ነው፤ መንገድ ዳር ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰው ካያችሁ ቁሙ። ፍጥነት መቀነስ አይበቃም። ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ በሩን ክፈቱ፣ ምን እንደሆነ ጠይቁ። በሀርሺን መንገድ በበጋ ወራት ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰው ጨዋታ ላይ አይደለም። ወይ ውሃ አልቆበታል፣ ወይ የታመመ ሰው አጠገቡ አለ።

ይህን ሕግ ያገኘሁት በጥፋት ነው። በወጣትነቴ፣ ገበያ ሳይሞቅ ሀርሺን ልድረስ ብዬ ስበር አንዲት ሴት ጋርባሳሯን፣ ማለትም ትከሻዋ ላይ የምትጥለውን ሻሽ፣ አውጥታ አውለበለበችልኝ። አየኋት። አልፌ ሄድኩ። በማግሥቱ ስመለስ እዚያው ዛፍ ሥር ነበረች፤ ሽማግሌ አባቷ ጭኗ ላይ ተኝቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ሰጠኋት። ተቀብላ አጠጣችው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርቅ አይቼ አላለፍኩም፤ ልጆቼም እንዳያልፉ በእግራቸው ውስጥ አስገብቼዋለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

ኮሮናው ካለፈ በኋላ፣ በአንዱ ዓመት፣ የመኪና ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ከመሀል አገር ወደ ጅጅጋ መጡ። ከካራማራ ወረድ ብሎ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ የአቧራ ውድድር ሊያደርጉ ነው። የከተማው ወጣት መግባት ይችላል ተባለ፤ ግን የተለመደው መንጃ ፈቃድ አይበቃም፣ የውድድር መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለዚያም በሜዳው ላይ የመንዳት ፈተና አለ። ፈተናው ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አዲስ ተፈታኝ ይገባል። ሦስተኛው ቀን የወደቁ እንደገና የሚሞክሩበት ብቻ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«አቦ፣ ተመዝግቤያለሁ» አለችኝ። አቦ በእኛ ቋንቋ አባቴ ማለት ነው።

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«መዝጋቢውን።»

«ቀልዱን ተይው። መኪና የተሠራው ሰው ካለበት ወደሚሄድበት እንዲያደርሰው ነው። ከተነሱበት ለመመለስ ክብ መዞር ምንድነው?»

«አንተስ አርባ ዓመት ሙሉ ሀርሺን ሄደህ ጅጅጋ አይደል የምትመለሰው?»

የልጆቼ እናት ከጓዳ ሳቋን ስትለቀው ሰማሁ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ፈቀድኩ። የፈቀድኩት ስለተረታሁ እንጂ ስላመንኩበት አይደለም፤ ውስጤ ግን ሌላም ነገር ነበር። ማንም ትምህርት ቤት ያላስተማራት፣ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ከመሀል አገር በመጣ ፈታኝ ፊት ስትነዳ ማየት ፈልጌ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የጎረቤቴም ልጅ ተመዝግባለች። የእኔ ልጅ በመጀመሪያው ቀን፣ እሷ በሁለተኛው ቀን ደረሳቸው።

ፈታኙ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀጭን ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተፈታኞቹን ድንኳን ሥር ሰብስቦ የባንዲራዎቹን ትርጉም አስረዳ። ቀይ ከሆነ ሁሉም ነገር ተቋርጧል። ሰማያዊ ከሆነ ከኋላህ የፈጠነ መኪና አለ፤ አሳልፈው። ቢጫ ከሆነ ከፊትህ አደጋ አለ፤ ፍጥነት ቀንስ፣ ማንንም አትቅደም፣ ግን አትቁም። «አትቁም» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ልጄ አንዱንም አልሳተችም። እኔ ከገመዱ ውጭ ቆሜ ነበር የምሰማው። ጨርቅ ሲውለበለብ አትቁም ሲል ጆሮዬን አሳከከኝ፤ የከተማ ሰው ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።

ዙሩ በአሮጌ ጎማና በበርሜል የታጠረ ነው። ፈተናው አምስት ዙር፤ ከፊትና ከኋላ ሌሎች ተፈታኞችም አብረው ይነዳሉ። ልጄ ሄልሜት አድርጋ በአዘጋጆቹ መኪና ገባች። ሁለቱን ዙር እንዴት እንደነዳች ለመናገር አባትነቴ ያሳፍረኛል። ወደ ኩርባው ከመድረሷ በፊት ፍጥነቷን ትጨርሳለች፣ መኪናው ሲንሸራተት አትደነግጥም፣ መሪውን አትጨብጠውም፣ ትይዘዋለች። በአሸዋ ላይ ያስተማርኳት ይህንን ነው። አጠገቤ የቆሙ ሰዎች «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬም ኩራት ነበር።

በሦስተኛው ዙር፣ ከሩቁ ኩርባ ላይ፣ ከጎማው ክምር ኋላ የቆመው ባንዲራ ያዥ ቢጫውን አነሳና ማውለብለብ ጀመረ።

ልጄ ቆመች። ሙሉ በሙሉ ቆመች። በሩን ከፈተች። አንድ እግሯን አውጥታ ወደ ሰውየው ዞረች። ምን እንዳለች በኋላ ባንዲራ ያዡ ራሱ እየሳቀ ነግሮናል። «ምን ሆናችሁ? ውሃ ነው?» ነው ያለችው።

«ሂጂ! ሂጂ እንጂ! በአላህ ሂጂ!» ይል ነበር ሰውየው፤ ጩኸቱ እኛም ጋ ደረሰ።

ከኋላዋ ይመጣ የነበረው ተፈታኝ እንዳይገጫት መሪውን ጠምዝዞ በርሜል ላይ ወጣ። ማንም አልተጎዳም። አቧራው ሲገለጥ ልጄ ሄልሜቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

ፈታኙ ወደ እኔ መጣ። አባቷ መሆኔን ሰው ነግሮታል። «አባት፣ ሁለቱን ዙር እንደሷ የነዳ ዛሬ አላየሁም። ግን ቢጫ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ያለውን ልጅ ልትገድለው ትችል ነበር። ላሳልፋት አልችልም። ከነገ ወዲያ ትሞክር።»

ያለው እውነት ነው። እውነት መሆኑን ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። በሩን ስትከፍት ያየኋት እሷን አይደለም፣ ራሴን ነው። ነገር ግን ዙሪያዬን ሰው ከቦኛል፤ ሁሉም አፌን እያየ ነው። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ከስድስት ቃል አይበልጥም ነበር። እኔ ያልኩት ይህን ነው፦

«የጣልካት ሴት ስለሆነች ነው! ወንድ ቢሆን ይህን ሁሉ ምክንያት አትደረድርም ነበር!»

አንተ አልኩት፣ አባት ያለኝን ሰው። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ልጄ ግን ሰምታኛለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ሻይ ቤት ሄድኩ። እዚያ መዓሊም፣ ማለትም መምህር፣ ይሉኛል፤ የተማርኩ ስለሆንኩ ሳይሆን ምክር ስለማበዛ ነው።

«መዓሊም፣ ልጅህ በረረች?» አለኝ አንዱ።

«ጣሏት። ሴት ናት ብለው ጣሏት።»

«ሄልሜት ለብሳ ሴት መሆኗን በምን አወቁ? ጎማው ነገራቸው?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ጊዜ የተናገርኩትን ውሸት ለሁለተኛ ጊዜ ስናገር ቀለለኝ፤ በሦስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዝርዝር ጨመርኩበት። ጎረቤቴ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳና ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ጠዋት ልጄ ከጎረቤታችን ቤት ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«አቦ፣ አባቷ ከልክሏታል። ዛሬ አትፈተንም።»

«ለምን?»

«አንተ ነህ የምትጠይቀኝ? ‹የእሱን ልጅ ሴት ናት ብለው በሰው ፊት ካዋረዷት፣ የእኔን ምን ሊሏት ነው› አለ። መዓሊም አይዋሽም አለ።»

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

«ሴት ስለሆንኩ ነው የወደቅሁት?»

ሻዬን ፉት አልኩ።

«አቦ፣ መልስልኝ።»

«አይደለም።»

«ስላጠፋሁ ነው የወደቅሁት። ሁሉንም የባንዲራ ጥያቄ መልሼ፣ ጭንቅላቴ እያወቀ እግሬ ቆመ። ያናደደኝ እሱ ነው። ትናንት ማታ ሳልተኛ ሳስብ የነበረው እሱን ነው። አንተ ግን ጥፋቴን ቀምተህ ለሌላ ሰው ሰጠኸው። እኔ ብነግረውም አላመነኝም። አሁን ሂድና አንተ ለአባቷ ንገረው። ፈተናው እስከ ቀትር ነው፣ ትደርሳለች።»

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳልቀንስ መጻፍ አለብኝ። ሱቁ ከደጄ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሄጄ ብናገር ልጅቷ ሄዳ ትፈተን ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ «መጀመሪያ አንቺ እለፊ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ብናገር ሰው ያምነኛል። አሁን ከተናገርኩ ማፈሪያ እሆናለሁ።» ሰውን ሁሉ እውነት ተናገር እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ቀን ቀጠርኩ።

ልጄ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ስጠኝ» አለች። «እንለማመድ።»

የልጆቼ እናት ቢጫ ጋርባሳሯን አውጥታ ሰጠችኝ። «ንጹህ እንደሆነ መልሱልኝ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተም እንደዚሁ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

በሀርሺን መንገድ ከከተማ ወጥተን አንድ ሜዳ አጠገብ ቆምን። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ጨርቁን አውለበልባለሁ፤ እሷ በፒክአፑ መጥታ ፍጥነት ቀንሳ ሳትቆም ታልፈኛለች። ነገሩ ይኸው ነው። በመጀመሪያው መጣች፣ ቆመች። በሁለተኛው መጣች፣ ቆመች። መሪውን በእጇ መታችው።

«ሂጂ ስልሽ ሂጂ!» አልኳት።

«ቁሚ ስትለኝ ስድስት ዓመት ሙሉ! አሁን በአንድ ጠዋት ሂጂ!»

«ስድስት ዓመት አይሆንም፣ አራት ነው።»

«ከመንዳቴ በፊት አጠገብህ ተቀምጬ ስትናገር የሰማሁትስ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ለመምጣት ራቅ ብላ ስትዞር፣ እኔ ጨርቁን ከፍ አድርጌ ሳውለበልብ፣ ከሀርሺን በኩል ፍየል የጫነ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ጢ-ጢ እያለ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ ሙሉ የውሃ ጄሪካን ይዞ ዘሎ ወረደ።

«አዴር፣ ምን ሆናችሁ? ማን ታመመ?» አዴር ማለት አጎቴ ሆይ እንደ ማለት ነው፤ ታላቅን ሰው ሁሉ እንዲህ እንጠራዋለን።

«የታመመ የለም። ልምምድ ላይ ነን።»

«የምን ልምምድ?»

«የመኪና ውድድር።»

ሰውየው ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠው። ከጭነቱ ላይ የነበሩ ሰዎችም ወርደዋል፤ አንዲት አሮጊት ኩባያዋን ይዛ መጥታለች። እያስረዳሁ ሳለሁ ከከተማ በኩል ሌላ መኪና መጣና ቆመ። ከዚያ አንድ ባጃጅ። ሁሉም «ምን ሆናችሁ?» ይላሉ። ሁሉም ውሃ ያወጣሉ። ያን ቀን በሀርሺን መንገድ ጨርቅ አይቶ ያለፈ ሰው አልነበረም፤ ያን ሁሉ ደግ ሰው ያቆምኩት በውሸት ነው።

ሾፌሩ ጄሪካኑን መልሶ ሲጭን ዞሮ እንዲህ አለኝ፦ «አዴር፣ ከእርስዎ አይጠበቅም። ዛሬ በከንቱ ያቆሙት ሰው ነገ የእውነቱን አይቶ ያልፋል።»

ለሌላ ሰው እኔ ልሰጠው የሚገባኝ ምክር ነው። አሮጊቷ ግን የያዘችውን ውሃ አልመልስም ብላ «ጠጣው፣ አንዴ ይዤው ከወረድኩ መልሼ ይዤው አልወጣም» አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ጠጣሁ። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ሰዓቴን አየሁ። በዚያች ሰዓት የጎረቤቴ ልጅ ስም በድንኳኑ ሥር ተጠርቶ፣ አቤት የሚል ጠፍቶ ይሆናል።

መኪኖቹ ሲሄዱ ልጄ መጥታ ጨርቁን ከእጄ ወሰደችው። «እንዲህ አይሆንም» አለች። ከመንገዱ ርቀን፣ ለየትኛውም አላፊ በማንታይበት ጉድባ ውስጥ ገባን። ተጠባባቂውን ጎማ አውርዳ መሬት ላይ አጋደመችው።

«ከጎማው ኋላ ቁም። ወደ እኔ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትመጣ።»

«ለምን?»

«የተቸገረ ሰው ዝም ብሎ አይቆምም፣ ወደ መኪናው ይሮጣል። ባንዲራ ያዥ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እጅህን አላይም። እግርህን ነው የማየው።»

በሕይወቴ ሙሉ ጨርቅ ሲውለበለብ አይቻለሁ፣ ይህን ግን አላስተዋልኩም ነበር። መጣች። ፍጥነት ቀነሰች። ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ። አለፈችኝ። አቧራው አፌ ውስጥ ገባ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ጨርቅ እያውለበለብኩ ልጄ አልፋኝ ስትሄድ ከኋላዋ «ቁሚ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። አሥሩንም ጊዜ ያው ንዴት መጣብኝ፣ አሥሩንም ጊዜ ዋጥኩት። መጨረሻ ላይ ሳልነግራት ወደ እሷ ሮጥኩ። ወዲያውኑ ቆመችና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ልፈትንሽ ብዬ ነው።»

«ግባ፣ እንሂድ» አለችኝ። ፊቷ ግን ትንሽ ፈታ ብሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፈተናዋን ደገመች። ከገመዱ ውጭ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ቀን በልጦ ነበር፤ ብዙዎቹ እኔ ሻይ ቤት ያወራሁትን ሰምተው፣ እንደገና ይጥሏት እንደሆነ ሊያዩ የመጡ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ከእነሱ ራቅ ብላ ብቻዋን ቆማለች። እኔ ወደ እሷ መሄድ አቃተኝ።

ቢጫው በሁለተኛው ዙር ተነሳ። በአራተኛውም ተነሳ። ልጄ ሁለቱንም ጊዜ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ የፊተኛውን መኪና ሳትቀድም፣ ሳትቆም አለፈች። ሰማያዊውንም አከበረች። አምስተኛውን ዙር ጨርሳ ስትወጣ ፈታኙ ወረቀቱን ፈርሞ በሁሉም ሰው ፊት «አልፈሻል» አላት። እጇን ጨበጣት። ሰው አጨበጨበ።

«እውነትም ፈርተው ነው ያሳለፏት፣ መዓሊም ስለጮኸባቸው ነው» አለ አንዱ ከአጠገቤ።

ይህ ቃል ነው ያንቀሳቀሰኝ። ያለፈችበትን ነገር ከእጇ ለሁለተኛ ጊዜ ልነጥቃት ነው። ገመዱን ተሻግሬ ፈታኙ ፊት ቆምኩ።

«እርስዎን ሴት ስለሆነች ጣላት ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ስላጠፋች ነው የጣሏት። ጥፋቱን ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።» ይህን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው፤ ውሸቱን ጮክ ብዬ ስለነበር የተናገርኩት።

ፈታኙ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «እሺ አባት። እኔስ እንዲህ መባሉን ለምጃለሁ።»

«አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት ትናንት ቀርታለች። እዚያ የቆመችው ናት። ዛሬ ይፈትኗት።»

«ትናንት ስሟን ሁለት ጊዜ አስጠርቻለሁ» አለ። «ዛሬ አንድ ጊዜ የሞከሩ ብቻ ናቸው። አዲስ ሰው ካስገባሁ ትናንት አርፍደው የመለስኳቸው አራት ልጆች ምን ይሉኛል? አይሆንም፣ አባት። በሌላ ጊዜ።»

ለመንኩት። ለምኜ አላውቅም ነበር። ትክክል መሆኑን እያወቅሁ ለመንኩት። እምቢ አለ። ከኋላው ሰዎቹ በርሜሎቹን ማንሳት ጀምረዋል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ሄድኩ። ልጄና የእሱ ልጅ ከኋላዬ መጡ። ባንኮኒው ላይ የዘይት ማጣሪያ ይደረድር ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሻይ ቤት የተናገርኩትን፣ በማግሥቱ ጠዋት ልጄ ሂድ ስትለኝ መቅረቴንም።

ማጣሪያውን ይዞ ቆመ።

«ሌላ ሰው ቢናገረው አላምንም ነበር» አለ። «ሻይ ቤት ከተቀመጠው ሁሉ አንዱ እንኳ ቢለው እስቃለሁ። አንተ ስለሆንክ ነው። ልጄ እያለቀሰች ስትለምነኝ ‹መዓሊም አይዋሽም› እያልኩ ነው የከለከልኳት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እኔን ነው ስትሰድብ ያደረችው፣ አንተን አይደለም።»

ለዚህ የሚሆን ምክር በሕይወቴ አልሰበሰብኩም። ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ሰዎቹ እንደገና እስኪመጡ ድረስ በየሳምንቱ እየወሰድኩ አለማምድሻለሁ። ጨርቁንም እኔው ይዤ እቆማለሁ።»

አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀና አለች።

«አዴር፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ አያስተምሩኝ። እሷ ታስተምረኝ» አለች፣ ልጄን እያሳየች። «እርስዎ መኪናውን ብቻ ይስጡን።»

ጎረቤቴ ዓይኑን ወደ ማጣሪያዎቹ መለሰ። ልጄም እጇን ዘረጋች። የራሴን ፒክአፕ ቁልፍ፣ አብሬ ሳልሆን ለማንም ሰጥቼ የማላውቀውን፣ ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ቀን ሳትቀጥሩ ነገ ጀምሩ ልላቸው አሰብኩና፣ ይህም ምክር ነው ብዬ ተውኩት። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። ሞተሩ ሲነሳ ከሱቁ ውስጥ ሰማሁት፤ ሳይሞቅ አንቀሳቀሱት።